የአባት የደም ግፊት መለኪያ ለነፍሰ ጡር ልጅ ይሆናል?

በባትሪ የሚሠራ የደም ግፊት መለኪያ ዛሬ በብዙ ቤት ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ግፊት ላለባቸው አባት ወይም እናት ነው። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ታዲያ እሷም በዚያው ትለካለች፤ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሲታያትም «ደህና ነኝ» ብላ የክትትል ቀጠሮዋን ታሳልፋለች። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ልማድ አደጋ አለው።

የሕክምና መሣሪያ ለሁሉም ሰው እኩል የሚሠራ ይመስለናል፤ እንዲያ ግን አይደለም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ የገባላቸውን ከ35 ሺህ በላይ ሰዎች ተከታትሎ፣ መገጣጠሚያው የመበላሸቱ ዕድል በሴቶች ላይ በ29 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። በግፊት መለኪያ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ የሚመጣው በእርግዝና ጊዜ ነው።

ሐኪም በማዳመጫ ሲለካ በደም ሥር ውስጥ ያለውን ድምፅ ይሰማል። የባትሪው መለኪያ ግን ድምፅ አይሰማም፤ ክንድ ላይ በታሰረው ጨርቅ በኩል የደም ሥሩን ንዝረት ይይዝና ቁጥሩን በስሌት ያወጣዋል። በእርግዝና፣ ይበልጡንም ፕሪኤክላምፕሲያ በሚባለው የእርግዝና ግፊት ሕመም፣ የደም ሥር ግድግዳ ጠባይ ይለወጣል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ መሣሪያዎች ከእውነተኛው ግፊት ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያሉ። የላይኛው ቁጥር በትክክል 145 ሆኖ ሳለ 135 ብሎ ቢያነብ፣ መታየት ያለባት ሴት ቤቷ ትቀራለች ማለት ነው።

ስለዚህ መሣሪያው በነፍሰ ጡሮች ላይ፣ ፕሪኤክላምፕሲያ ያለባቸውን ጨምሮ፣ ለብቻው መፈተን አለበት። በገበያ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ይህን ፈተና አልወሰዱም። ካለፉት አንዱ ለጤና ሠራተኞች የተዘጋጀው ክሬድል ነው፤ ውጤቱን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ መብራት ያሳያል። በአፍሪካ፣ በህንድና በሄይቲ ሲሞከር ከቦታዎቹ አንዷ አዲስ አበባ ነበረች።

ቤትዎ ያለውን መሣሪያ ይጣሉት አልልም። ለክትትል ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱና ባለሙያው በማዳመጫ ከሚያገኘው ቁጥር ጋር ያስተያዩት። ዛሬ ተመሳሰለ ማለት ግን ሕመሙ ሲመጣም ይመሳሰላል ማለት አይደለም። ሲለኩ ተቀምጠው፣ ጀርባዎን አስደግፈው፣ ክንድዎን በልብ ትክክል አድርገው ይሁን። በግራ ጎን ተኝቶ ከላይ ባለው ክንድ መለካት ቁጥሩን ያሳንሳል። ሰፊ ጨርቅ በቀጭን ክንድ ላይ ሲታሰርም እንዲሁ ነው።

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከቀኝ ጎድን በታች ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት ከመጣ፣ መለኪያው ምንም ይበል ምን በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። እዚያ ግፊቱ በድጋሚ ይለካል፤ ሽንትና ደምም ይመረመራል። መለኪያው 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየም ሳይዘገዩ ይታዩ፤ 160/110 ከደረሰ ድንገተኛ ነው።

ይህ ሕመም ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታትም ሊነሳ ይችላል። አራሷ ራሴን አመመኝ ስትል «ብርድ መቷት ነው» ብላችሁ አታሳልፉት፤ ይዛችኋት ሂዱ።