ቁንጮ፣ ጋሜ፣ ሹሩባ፣ ጎፈሬ፦ ፀጉር ምን ይናገር ነበር?

የቆዩ የቤተሰብ ፎቶዎች ካሉዎት አውጥተው ይመልከቱ። ራሱ ተላጭቶ ከፊት በኩል አንዲት ጭብጥ ፀጉር ብቻ የቀረችለት ሕፃን ያገኙ ይሆናል። መሃል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያውን ፀጉር የከበባት ልጃገረድም ትኖር ይሆናል። የዛሬ ልጆች ይህን ሲያዩ «ምን ነክቷቸው ነው?» ይላሉ። ምንም አልነካቸውም። ያ ፀጉር የሚነበብ ነበር። የልጁን ዕድሜ፣ የልጅቷን አለመዳር፣ የሰውየውን ጀግንነት፣ የሴትየዋን ሐዘን መንደርተኛው ከሩቅ አይቶ ያውቀው ነበር።

ከሕፃኑ እንጀምር። ከፊት ወይም ከአናት ላይ የምትቀረው ጭብጥ ፀጉር ቁንጮ ትባላለች። ለምን ትቀራለች ብለው አንድ አዛውንት ቢጠይቁ ከሁለት መልስ አንዱን ያገኛሉ። አንደኛው፣ ልጁ ሲወድቅ መልአኩ በቁንጮው ይዞ ያነሳዋል የሚለው ነው። ሁለተኛው እርግብግቢትን ይመለከታል። እርግብግቢት የጨቅላ ሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ገና ሳይገጥሙ በአናቱ ላይ የሚቀረው ለስላሳ ቦታ ነው፤ ሲያዩት ከልብ ምቱ ጋር ይርገበገባል። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይገጥማል። እናቶች ይህን ቦታ ከብርድና ከፀሐይ ለመከለል ፀጉር ይተዉለት ነበር። እኔ ሁለቱንም መልሶች እወዳቸዋለሁ፤ ሁለቱም የሚናገሩት ለልጁ መሳሳትን ነው።

የቀረው ራስ ለምን ይላጫል? ቅማልና ቆረቆር ስለሚያስቸግር ነው። ቆረቆር የራስ ቆዳን የሚይዝ፣ ፀጉርን ክብ ክብ አድርጎ የሚያረግፍ ፈንገስ ነው። የተላጨ ራስ በቀላሉ ይታጠባል፤ ቁስሉም ቶሎ ይታያል። ዛሬ ልጅዎን ቁንጮ ማስቆረጥ ከፈለጉ ክፋት የለውም። ግን ምላጩ አዲስ ይሁን፤ ማሽን ከሆነም በደንብ ይጽዳ። ቆረቆር ራሱ ከልጅ ወደ ልጅ የሚሻገረው በማበጠሪያ፣ በኮፍያና ባልጸዳ መላጫ ነው።

ልጅቷ ከፍ ስትል ተራው የጋሜ ነው። መሃል አናት ይላጫል፤ ዙሪያው ያድጋል፣ አንዳንዴም ይጎነጎናል። ለአቅመ ሔዋን የተቃረበች፣ ገና ያልተዳረች ልጅ ደግሞ ሳዱላ ትባላለች፤ እሷም አናቷን ትላጫለች። ስያሜውና አቆራረጡ ከአገር አገር ይለያያል። መልእክቱ ግን አንድ ነው፤ ይቺ ልጅ ገና በአባቷ ቤት ናት። ስትዳር የአናቷ ፀጉር እንዲያድግ ይተዋል፤ ሞልቶም ይሠራል። ያኔ ሙሉ ሹሩባ አየን ማለት ባለትዳር አየን ማለት ነበር።

ሹሩባ እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ ፀጉሩ ይታጠባል፤ በሚዶ ይፍታታል። ሚዶ ጥርሱ ረዘም ያለ የእንጨት ማበጠሪያ ነው። ከዚያ በሚዶ ጫፍ ወይም በወስፌ መስመር ይወጣለታል። ሠሪዋ ከግንባር ጀምራ ሦስት ዘለላ ትይዛለች። ዘለላዎቹን ባቆላለፈች ቁጥር ከሥር ትንሽ ትንሽ ፀጉር ትጨምራለች። ጉንጉኑ ከራስ ቆዳ ጋር ተጣብቆ ወደ ኋላ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ማጅራት ላይ ሲደርስ ጫፉ ይለቀቃል፤ ተበትኖም ትከሻ ላይ ይወርዳል። ወፍራም ወፍራም ሆኖ የሚሠራው አልባሶ ቶሎ ያልቃል። ቀጭን ቀጭኑ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። በነሐሴ አጋማሽ፣ ለአሸንዳ፣ ለሻደይና ለአሸንድየ፣ በትግራይ፣ በዋግና በላስታ ልጃገረዶች በዚህ ሥራ ተውበው ሲወጡ ማየት ነው።

ቅቤውስ? ለጋ ቅቤ፣ በተለይ በአደስ የታሸ፣ ከሥራው በፊትም ሆነ በኋላ ይቀባል። አደስ መልካም ሽታ ያለው ቅጠል ነው። ቅቤው ፀጉሩን ይሸፍነዋል፣ እርጥበቱን ይይዝለታል፣ መሰባበሩንም ይቀንሳል። ፀጉርን ከሥሩ ያበቅላል የሚሉት ግን እውነት አይመስለኝም። ብዙ ከቆየ ይሸታል፣ አቧራም ይሰበስባል፤ ስለዚህ በሻሽ አስረው ካሳደሩት በኋላ ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡት።

«ሹሩባ የሴት አይደለም ወይ?» ይሉ ይሆናል። የዐፄ ቴዎድሮስን ሥዕል ያስታውሱ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛንም ይጨምሩ። በዚያ ዘመን በሰሜኑ አገር ጠላት የጣለ ወይም አደገኛ አውሬ የገደለ ጀግና ፀጉሩን ተሠርቶ፣ ቅቤ ተቀብቶ አደባባይ ይወጣ ነበር። ያልገደለ ሰው ይህን አይደፍርም ነበር። ዛሬ ሹሩባ የተሠራ ወጣት መንገድ ላይ አይተው «ባህላችን አይደለም» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁት እመኛለሁ።

የቴዎድሮስ ፀጉር ራሱ ታሪክ አለው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ እንግሊዞች ከፀጉራቸው ቆርጠው ወሰዱ። ሁለት ዘለላ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተቀመጠ። ለሙዚየሙ የሰጡት አስከሬናቸውን የሣለው ሠዓሊ ዘመዶች ናቸው። ኢትዮጵያ ጠየቀች፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ሙዚየሙ ለመንግሥት ልዑካን አስረከበ። ለእኛ ያ የሟች አካል ነበር፤ አካል ደግሞ የሚያርፈው በአገሩ አፈር ነው። ሙዚየሙም በመጨረሻ ይህንኑ ተቀብሏል።

ጎፈሬ ሌላ ነው። ሳይቆረጥ፣ ሳይጎነጎን፣ ተነቅሶ እንዲቆም የሚተው ፀጉር ነው። በ1928 ጣልያን አገር ሲይዝ ጫካ የገቡ አርበኞች እስከ 1933 በዱር በገደል ሲኖሩ ፀጉራቸውን አሳደጉት። ከዚያ ወዲህ ጎፈሬ የአርበኝነት ምልክት ሆነ። በድል በዓል፣ ሚያዝያ 27፣ አረጋውያን አርበኞች ከአንበሳ ጎፈር ጋር ይዘውት ሲወጡ አይተው ይሆናል።

ፀጉር የሌለበት ራስም ይናገራል። ባሏን ወይም ልጇን ያጣች ሴት ራሷን ትላጫለች፤ ጥቁር ሻሽ ታስራለች። መነኩሲት ተላጭታ ቆብ ትደፋለች። ለዚህ ነው የተላጨች ሴት ስናይ ከሰላምታ በፊት ዝም የምንለው።

ወደ ደቡብ ኦሞ ብንወርድ በሐመር ሴቶቹ ፀጉራቸውን በቅባትና በቀይ አፈር እያሹ በቀጫጭኑ ይገምዱታል። ወንዶቹ፣ ጠላት ወይም አደገኛ አውሬ የገደሉት፣ ፀጉራቸውን በጭቃ ለብጠው ላባ ይሰኩበታል። ጭቃው እንዳይፈርስ ማታ አንገታቸውን በእንጨት ትራስ ላይ አሳርፈው ይተኛሉ። ይህ ሁሉ ልፋት አለው፤ የቱሪስት ፎቶ ውስጥ ግን አይታይም።

«ራስታ ፀጉርስ ከእኛ ነው የሄደው?» ስሙ ከእኛ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ የደፉት ራስ ተፈሪ ናቸው ስሙን ያወረሱት። የፀጉሩን ምክንያት ግን ራስታዎቹ ከኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 6፣ ምላጭ በራሱ ላይ ከማያሳርፈው ናዝራዊ ስእለት ይጠቅሳሉ።

አሁን ወደ ሹሩባው ወጪ። በገጠር ጎረቤት ለጎረቤት ትሠራለች፤ ዋጋው ቡናና ጨዋታ ነው። በከተማ ግን ዋጋው በሦስት ነገር ይወሰናል፦ በጉንጉኑ ቅጥነት፣ በፀጉርዎ ርዝመትና ዊግ በመጨመር አለመጨመሩ። ወንበሩ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት ዊጉ በዋጋው ውስጥ መሆኑን ይጠይቁ። ቅቤ ለብቻው ነው፤ በዛሬ የቅቤ ዋጋ ደግሞ ቀላል አይደለም።

ከገንዘቡ የሚከብደው ወጪ የፀጉሩ ነው። ጠብቆ የተጎነጎነ ፀጉር ሥሩን ይጎትታል። ለወራትና ለዓመታት ሲደጋገም ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ይሳሳል፤ ሥሩ ጠባሳ ካወጣ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ሐኪሞች ይህን በመጎተት የሚመጣ የፀጉር መርገፍ ይሉታል። ሲሠሩ ካመመዎት፣ ግንባርዎ ላይ ትናንሽ እብጠት ካወጣ ጠብቋል ማለት ነው። «ላላ አድርጊልኝ» ይበሉ፤ ሠሪዋ አትቀየምም። የሕፃናት ፀጉር ቀጭን ስለሆነ ለእነሱ ከእርስዎም ይበልጥ ይላላ። ሹሩባውን ከሁለት ወር በላይ አያቆዩት። ሲፈቱት ከጫፉ ይጀምሩ፣ ቅባት ይንኩት፣ በጣትዎ ይለያዩት፤ ሚዶው የመጨረሻው ነው። ከዚያ ድጋሚ ከመሠራትዎ በፊት ቢያንስ አንድ ሁለት ሳምንት ፀጉሩን ያሳርፉት።