መብራት ለምን ብልጭ ድርግም ይላል?

በቤታችን የተሰቀለው አምፖል ማታ ማታ ብልጭ ድርግም ሲል ያየን እንደ ሆነ፥ አብዛኞቻችን የምንሰጠው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው። «መብራት ኃይል ነው» እንልና ወደ ጥናታችን ወይም ወደ ሥራችን እንመለሳለን። (መሥሪያ ቤቱ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ አንዱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፥ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተብሏል፤ የፊተኛው ያመነጫል፥ የኋለኛው ለየቤቱ ያከፋፍላል። ሕዝቡ ግን የለመደውን ስም አልተወም።) ይህ ፍርድ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው። ነገር ግን ጉድለቱ ከራሳችን ግድግዳ ውስጥ የሆነ እንደ ሆነ፥ «ከውጭ ነው» ብሎ መተው ቤት እስከ ማቃጠል ስለሚያደርስ፥ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለተማሪውም ለወላጁም የሚጠቅም ነው።

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት የፊዚክስ ትምህርት ያስፈልገናል። ኤሌክትሪክ በአንድ ቧንቧ መጥቶ እንደሚፈስ ውኃ አይደለም። በአንድ ሽቦ መጥቶ በሌላ ሽቦ መመለስ አለበት፤ መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጠ ጉዞው ሁሉ ይቆማል። የሚመጣበትን ሽቦ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ፌዝ ይሉታል። ስሙ የቀልድ ይመስላል እንጂ ከእርሱ ጋር ቀልድ የለም፤ 220 ቮልት ይዞ የሚመጣው እርሱ ነው። የሚመለስበት ሽቦ ኒውትራል ይባላል። በአገራችን የሚሠራበት ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ የቀድሞው ባለ ክር አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል፤ ዓይናችን ግን ይህን ፍጥነት መከተል ስለማይችል ብርሃኑ የረጋ ይመስለናል። እንግዲህ መርገብገቡን በዓይናችን ካየነው ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው። አምፖሉ ራሱ ካልተበላሸ በቀር ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አይዘልም፤ ወይ ቮልቱ ይወርዳል ይወጣል፥ ወይም መንገዱ አንድ ስፍራ ላይ ላልቶ ይገናኛል ይለያያል።

በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ተመርቋል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ተመርቋል። ይህ ሁሉ ኃይል ተገኝቶ በወረታ አንድ ቤት ውስጥ መብራት መርገብገቡ የሚያስገርመው ሰው ይኖር ይሆናል። ግድብ ግን ኃይል ይጨምራል እንጂ የላላ ብሎን አያጠብቅም። ኤሌክትሪኩ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በደኅና ተጉዞ መጥቶ፥ በመጨረሻዋ አንዲት ክንድ ላይ ሊሰናከል ይችላል።

ካቻቪቴ ከማንሣታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ የሚርገበገበው እስከ የት ድረስ ነው? አንዱ አምፖል ብቻ ነው? አንዱ ክፍል ነው? ቤቱ ሁሉ ነው? ወይስ የጎረቤቱም ቤት ነው? ይህን ለማወቅ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ከቤት ወጥቶ ወደ ጎረቤት መስኮት መመልከት ይበቃል።

የጎረቤቱም መብራት ከእኛው ጋር እኩል ፈዘዝ የሚል ከሆነ ጉዳዩ ከቤታችን ውጭ ነው። በእኛ አገር ለዚህ አንድ የታወቀ ምክንያት አለ። ፎገራ የሩዝ አገር ከሆነች ወዲህ በወረታ ከተማ የሩዝ መፈልፈያ ማሽኖች በዝተዋል። እንዲህ ያለው ትልቅ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ፥ በሥራ ላይ እያለ ከሚወስደው አምስት ወይም ስድስት ዕጥፍ የሚያህል ኤሌክትሪክ ለጥቂት ሴኮንዶች ይስባል። ከዚያው ትራንስፎርመር የሚጠጡ ቤቶች ሁሉ በዚያች ቅጽበት ቮልታቸው ይወርዳል። የቀድሞው ባለ ክር አምፖል ቮልቱ ከመቶ 10 እጅ ቢጎድልበት ብርሃኑ ከመቶ 30 እጅ ያህል ይጎድላል፤ ስለዚህ ጥቂቱ ጉድለት ለዓይን ትልቅ ሆኖ ይታያል። የማሽኑ ድምፅ ሲነሣና መብራቱ ሲፈዝ ሰዓቱ የሚገጥም መሆኑን ለጥቂት ቀናት በደብተር ብንጽፍ ነገሩ ይገለጥልናል። እንዲህ ያለው ደብተር ለአገልግሎቱ ቢሮ ሲቀርብ «መብራታችን አስቸገረን» ከሚለው አቤቱታ ይልቅ ይሰማል፤ ትራንስፎርመሩ ከዓቅሙ በላይ መጫኑን የሚያመለክት ማስረጃ ነውና። ማሽኑ የእኛን ሩዝ የሚፈለፍል ስለ ሆነም ባለቤቱን መራገም ተገቢ አይመስለኝም።

ከዚህ የተለየና እጅግ አደገኛ የሆነ ሌላ ምልክት አለ። አንዱ አምፖል ፈዞ ሳለ ሌላው ከልክ በላይ ደምቆ ቢበራ፥ ወይም በሠፈሩ ውስጥ የአንዱ ቤት ሲፈዝ የሌላው ቢያንጸባርቅ፥ የጋራው ኒውትራል ላልቷል ወይም ተቆርጧል ብለን መጠርጠር አለብን። ከትራንስፎርመሩ ሦስት ፌዝ ይወጣል፤ በየሁለቱ መካከል 380 ቮልት አለ። ኒውትራሉ ደኅና ሲሆን ለየቤቱ 220 ይደርሳል። ኒውትራሉ ሲጠፋ ግን ቤቶቹ ቮልቱን ሳይተካከሉ ይሻሙታል፤ ለአንዱ ጥቂት፥ ለሌላው ወደ 380 የሚጠጋ ሊደርሰው ይችላል። ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ በአንድ ሌሊት የሚቃጠሉት በዚህ ነው። እንዲህ ያለ ምልክት የታየ እንደ ሆነ ዋናውን ብሬከር ማጥፋትና ለአገልግሎቱ ቢሮ ወዲያው መናገር ነው እንጂ በቤት ውስጥ የሚሠራ ጥገና የለውም።

የእኛ ቤት ብቻ ሁሉም ክፍል የሚርገበገብ ከሆነ ወደ መግቢያው እንመጣለን። ነፋስ ሲነፍስ የሚብስ ከሆነ ከምሰሶው ወይም ከጣራው ጠርዝ ያለው መጋጠሚያ ላልቷል። ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባው ሽቦ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ የቤቱ ውስጥ ሽቦ መዳብ ነው። ሁለቱ በቀጥታ ተጠማዝዘው የታሠሩ እንደ ሆነ በእርጥበት ይበላላሉ፤ በአሉሚኒየሙ ላይ የሚወጣውም ዝገት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ርብና ጉማራ በክረምት ሜዳውን በሚያረሰርሱበት አገር እርጥበት ምን እንደሚሠራ ለማንም አይነገርም። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለውን ግን የአገልግሎቱ ሠራተኛ ብቻ ይንካው፤ የእኛ ብሬከር ቢጠፋ እንኳ ያ ሽቦ ኃይል እንዳለው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሳልናገር ማለፍ አልወድም። እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ የሳሎኑ መብራት ፈዘዝ ይላል፤ ይህንንም ሁሉም ሰው እንደ ተፈጥሮ ነገር ቆጥሮታል። ሒሳቡን እንየው። ምጣዱ 3,500 ዋት ቢሆን በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል። በመንገዱ ላይ አንድ የላላ መጋጠሚያ አለ እንበል፤ የሚጨምረውም ሬዚስታንስ ግማሽ ኦም ብቻ ይሁን። አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ በሬዚስታንሱ ሲባዛ የሚገኘው ሙቀት 120 ዋት ይጠጋል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚወጣው ከአንዲት ብሎን ጫፍ ነው! ባለ 100 ዋት አምፖል በርቶ ሳለ በእጅ ሊያዝ እንደማይችል የምናውቅ ሁሉ፥ ያ መጋጠሚያ በፕላስቲክ ውስጥ ወይም ከማዳበሪያ ከረጢት በተሠራ ኮርኒስ ላይ ቢሆን ምን እንደሚከተል መገመት እንችላለን። የወንዛዬ ፍል ውኃ ሙቀቱ ለበሽተኛ ይፈለጋል፤ የማብሪያ ማጥፊያ ሙቀት ግን ለማንም አይበጅም። በዚያው መጋጠሚያ ላይ ባለ 10 ዋት አምፖል ብቻ ቢሠራ ሙቀቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ አምፖሉ ወሬ ነጋሪ ነው፤ እሳቱን የሚያነሣው ምጣዱ ነው። ብሬከሩም በዚህ ጊዜ አይረዳንም፤ እርሱ የሚቆርጠው አምፔሩ ሲበዛ ነው፥ በላላ ቦታ ላይ ግን አምፔሩ አይበዛም። ምጣዱ ለብቻው ከቆጣሪው አጠገብ የሚነሣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ቢኖረው ይሻላል፤ ለመብራት በተዘረጋ በ1.5 ሽቦ ላይ ምጣድ መቀጠል ግን ፈጽሞ የማይገባ ነው።

አሁን ወደ አንዱ አምፖል እንምጣ። የመጀመሪያው ሥራ አምፖሉን አጥፍቶ፥ አቀዝቅዞ፥ ከሌላ ክፍል አምፖል ጋር መለዋወጥ ነው። ጉድለቱ አምፖሉን ተከትሎ ከሄደ አምፖሉ አርጅቷልና ይለወጥ። እዚያው ከቀረ ግን ጉድለቱ በአምፖል መያዣው፥ በማብሪያ ማጥፊያው ወይም በመካከላቸው ባለው ሽቦ ነው። ማብሪያውን ስንጫን ጭር ጭር የሚል ድምፅ ቢሰማ፥ ክዳኑ ቢሞቅ፥ የተቃጠለ ፕላስቲክ ቢሸት፥ ጥፋተኛው እርሱ ነው። ረጅሙ የፍሎረሰንት መብራት የሆነ እንደ ሆነ ጫፎቹ ጠቁረው ሲገኙ ዘንጉ አብቅቶለታል፤ ጫፎቹ ንጹሕ ሆነው ሳሉ መላልሶ ለመብራት የሚታገል ከሆነ ስታርተሩን ለውጦ መሞከር ነው።

ኤል ኢ ዲ የሚባለው አዲሱ አምፖል ደግሞ አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ከጠፋ በኋላ በጨለማ ውስጥ በየጊዜው ጭል ጭል ይላል። አንዳንዱ ሰው የሰይጣን ሥራ ያደርገዋል። ማብሪያው የራሱ ትንሽ የምልክት መብራት ያለው ከሆነ በዚያች በኩል የምታልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ናት፤ ጉዳት የለውም። እንዲህ ያለ ምልክት ከሌለው ግን ሽቦውን የዘረጋው ሰው ማብሪያውን በፌዙ ፈንታ በኒውትራሉ ላይ አድርጎት ይሆናል። ይህ ማለት መብራቱ ጠፍቶ ሳለ የአምፖል መያዣው 220 ቮልት እንደ ያዘ ነው። ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል ሲለውጥ ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ነገሩ እንዲህ ሆኖበት ነው። መፍትሔው ሁለቱን ሽቦዎች ማቀያየር ብቻ ቢሆንም ሥራው የባለሙያ ነው።

መያዣውን ወይም ማብሪያውን ለመክፈት የፈለገ ሰው ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር፥ በአሮጌ ቤት ቫልቮላውን፥ ያጥፋ፤ ሌላ ሰውም መልሶ እንዳያበራው ይንገር። ቀጥሎ ቴስተሩን ኃይል ባለበት ሶኬት ላይ አስቀድሞ የሞከረውን ይዞ በሚሠራበት ቦታ ይሞክር፤ ቴስተሩ ራሱ ተበላሽቶ «ኃይል የለም» ብሎ የሚዋሽበት ጊዜ አለና። ተማሪዎች ይህን ለብቻችን ልንሠራው አይገባም፤ አንድ ዐዋቂ ከአጠገባችን ይኑር። በመያዣው ውስጥ ያለችው የነሐስ ምላስ ወደ ታች ተጨፍልቃ ከአምፖሉ ጋር የማትነካካ ከሆነ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ቀና ማድረግ ነው። የጠቆረችና የተበላች ከሆነ መያዣው ይለወጥ። ብሎኖቹን በልክ እናጥብቅ፤ የሽቦው ጫፍ ከጠቆረ እስከ ንጹሑ መዳብ ድረስ በፒንሳ ቆርጠን እንደ ገና እንላጠው። ሁለት ሽቦ በእጅ ጠማዝዞ በፌስታል መጠቅለል በየቤቱ የሚታይ ልማድ ነው፤ ናስትሮ እንኳ ቢሆን የሽቦውን ልብስ ይተካል እንጂ የላላውን አያጠብቅም። በብሎን የሚጠብቅ መጋጠሚያ በሳጥን ውስጥ ማድረግ ብቻ ይበቃል፥ ዋጋውም ብዙ አይደለም።

ሩዝ በከረጢት የሚቀመጥበት ቤት አይጥ አይጠፋበትም፤ አይጥም የሽቦ ልብስ ትበላለች። በኮርኒስ ላይ የሚንኳኳ ነገር ከሰማን በኋላ መብራቱ መርገብገብ ቢጀምር ፍለጋችን ከዚያ ይጀምር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደ ደረሰው ያለ ጎርፍ ቤት ገብቶ የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ሶኬቶቹና ማብሪያዎቹ ተከፍተው ጭቃቸው ተጠርጎ ሳይደርቁና በባለሙያ ሳይታዩ ብሬከሩ አይነሣ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱም ከአንድ ቆጣሪ ሁለትና ሦስት አባወራ የሚጠቀምበት ቤት ነው። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ጉድለቱ የማን እንደ ሆነ ሳይታወቅ ክርክር ይነሣል፤ አከራዩ ተከራዩን፥ ተከራዩ አከራዩን ይከሳል። እዚህም ቢሆን ያው ጥያቄ ያገለግላል። አንድ ማታ ሁሉም ተስማምተው አንዱ ምጣዱን ለጥቂት ደቂቃ ይጣድ፥ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አምፖላቸውን ይመልከቱ። የሁሉም ከፈዘዘ ጉድለቱ ከቆጣሪው እስከ መጀመሪያው መገንጠያ ባለው የጋራ ሽቦ ነው፥ ወጪውም የጋራ ይሆናል። የአንዱ ብቻ ከፈዘዘ ወደ እርሱ ቤት ከሚሄደው ቅጥል ይጀመር። ይህን ውጤት በወረቀት ጽፎ ለሚጠራው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መስጠት የግማሽ ቀን ፍለጋ ያስቀርለታል፤ የሚከፈለውንም የእጅ ዋጋ ይቀንሳል።