ላስቲክ በምን ይጣበቃል?

መርካቶ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ሻማ በርቶ ካያችሁ ስለት የሚያደርስ ሰው አትፈልጉ፤ ላስቲክ እየታሸገ ነው። ቆሎ፣ ሱፍ ወይም ሚጥሚጣ በትንንሹ ቋጥራ የምትቸረችር ሴት የላስቲኩን አፍ እጥፍ አድርጋ፣ ጠርዙን ብቻ በነበልባሉ ዳር ሽው ታደርገዋለች። ወዲያው ደግሞ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ጭምቅ። አለቀ። የተመልካች ዓይን ሻማው ላይ ይቀራል፤ ሥራውን የሚጨርሱት ግን ጣቶቿ ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ላስቲኩ ቀልጦ ይሸበሸባል እንጂ አይታሸግም።

ሙጫ የለ፣ ክር የለ፣ ምስማር የለ። ይኸው ሥራ ትንሽ ከፍ ሲል በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሸጊያ ይሆናል፤ የቧንቧ ሠራተኛ እጅ ሲገባ የፒፒአር (የፕላስቲክ ውኃ ቱቦ) ብየዳ ይባላል፤ ሸራ ተራ ለጭነት መኪና የሚሸጠው ወፍራም ሸራም በትኩስ አየርና በሮለር የሚጋጠምበት ጊዜ አለ። መሣሪያው ይለያያል እንጂ ዘዴው አንድ ነው፦ ማጋል፣ መጫን፣ እስኪቀዘቅዝ አለመልቀቅ። ሦስተኛዋን ብዙ ሰው ይዘነጋታል።

ፕላስቲክ በውስጡ ምን እንደሚመስል ለመገመት ባዘቶ አስቡ። የፕላስቲክ ሞለኪውል እጅግ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ በፌስታል ውስጥ ያለው አንዱ ሰንሰለት ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ የካርቦን አቶሞች ተቀጣጥለው የተሠራ ነው። እነዚህ ሰንሰለቶች እንደተባዘተ ጥጥ እርስ በርስ ተጠላልፈው ይኖራሉ። ፈታይ እናት አንዱ ባዘቶ ሲያልቅባት ክሩን አትቋጥርም። አዲሱን ባዘቶ ጫፉ ላይ ደርባ፣ በጣቷ ጫን አድርጋ እንዝርቱን ታሾረዋለች፤ ጥጥ ከጥጥ ይጠላለፍና መጋጠሚያው የት እንደነበር እንኳ አይታወቅም። ፕላስቲክም እንዲሁ ነው። ሲግል ሰንሰለቶቹ ይላላሉ፣ ይላወሳሉ፤ ጫና ሲያርፍባቸው ድንበሩን አልፈው ጎረቤት ይገባሉ፤ ሲቀዘቅዙ እንደተጠላለፉ ይቀራሉ። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ዢል ደ ዤን እ.ኤ.አ. በ1971 ይህን እንቅስቃሴ በጠባብ ቧንቧ ውስጥ እንደሚሳብ እባብ አድርጎ በሒሳብ አስረዳ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ለተሸለመው ኖቤልም በፖሊመሮች ላይ የሠራው ሥራ አንዱ ምክንያት ነበር። ቆሎ ሻጯ ስሙን አልሰማችም፤ እባቡን ግን በጣቶቿ ታውቀዋለች።

ሁሉም ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ጎማ ተራ ሄዳችሁ ጎሚስታ ካመናዳሪ ሲለጥፍ እዩ። እሱም ያግላል፣ እሱም በመጭመቂያ ይጫናል፤ ነገር ግን የሚያደርገው ማቅለጥ ሳይሆን ማብሰል ነው። በጥሬው ልጣፊ ውስጥ ያለው ድኝ በሙቀቱ ኃይል የጎማውን ሰንሰለቶች አንዱን ከሌላው ጋር ለዘለቄታው ያስራቸዋል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ይህን የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ሰም ቢቀልጥ ተመልሶ ይረጋል፣ ቢረጋ ተመልሶ ይቀልጣል፤ እንጀራ ግን አንዴ ከበሰለ ወደ ሊጥ አይመለስም። ፌስታል፣ ጀሪካንና ፒፒአር የሰም ወገን ናቸው፤ የመኪና ጎማ የእንጀራ።

ነገር ከተነሣ አይቀር፣ መርካቶና ላስቲክ እኩዮች ናቸው ቢባል ውሸት አይሆንም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ሲያዛውር ያወረሰው «መርካቶ» የሚለው ስም በራሱ ቋንቋ «ገበያ» ማለት ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 1925 (እ.ኤ.አ. 1933)፣ ሬጂናልድ ጊብሰንና ኤሪክ ፋውሴት የተባሉ ሁለት የአይሲአይ ኩባንያ ኬሚስቶች እንግሊዝ አገር ውስጥ ኤትሊን የተባለውን ጋዝ በ170 ዲግሪ ሙቀትና ከከባቢ አየር ግፊት ከ1,000 እጥፍ በላይ በሆነ ጫና ሲፈትኑ፣ ዕቃው ውስጥ ሰም የመሰለ ነጭ ነገር አገኙ። ያላሰቡት ነበር። ያ ነጭ ነገር ፖሊኤትሊን ነው፤ እንግዲህ ላስቲክ የሚጣበቅበት ሙቀትና ጫና የተወለደበትም ነው። ባለ ሁለት ጆሮውን ፌስታል የነደፈው ደግሞ ስዊድናዊው ስቴን ጉስታፍ ቱሊን ሲሆን፣ የአሜሪካ የባለቤትነት መብት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ፌስታል ማለት የተጣጠፈ ረጅም የላስቲክ ቱቦ ታችና ላዩ በሙቀት ተበይዶ ጆሮው የተቆረጠለት ነው፤ ሙጫ አልነካውም።

ወደ ማሸጊያው ማሽን እንመለስ። መርካቶ ላይ በየሱቁ የሚታየው ትንሹ ዓይነት እንደ ወረቀት መብሻ አንድ ክንድ አለው። ከሥሩ ኒክሮም የሚባል ጠፍጣፋ የብረት ሽቦ ተዘርግቷል፤ በላዩ ቡናማ የቴፍሎን ጨርቅ ተለብጧል፤ ክንዱ ላይ ሙቀት የሚችል ጎማ አለ። ክንዱ ሲወርድ ኤሌክትሪክ ለአንዲት አፍታ ብቻ በሽቦው ያልፋል፣ አምፖሏ ትበራለች፣ ትጠፋለች። ስህተቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አምፖሏ ስትጠፋ ሰው ሁሉ ክንዱን ወዲያው ያነሣል። አምፖሏ ግን የምትለው ማጋሉ አለቀ ነው፤ መጣበቁ አለቀ አላለችም። አንድ ሁለት ሰከንድ ተጭኖ መቆየት የግድ ነው፣ ምክንያቱም ትኩሱ ላስቲክ ገና አልረጋም፣ በውስጡ ያለው አየርና በርበሬ ደግሞ ይገፋዋል። ገበያው ይጣደፋል፤ ስለዚህ በመርካቶ ከሚፈስ በርበሬ ብዙው የማሽኑ ጥፋት አይመስለኝም።

መቆጣጠሪያዋን ቁልፍ ማዞርም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ስሱ የፖሊኤትሊን ላስቲክ 110 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። የሚንኮሻኮሸውና እንደ መስተዋት የሚያበራው ፖሊፕሮፒሊን ግን 160 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ለአንደኛው የተስተካከለው ለሌላው አይሆንም፤ ወይ ይቆርጠዋል ወይ አይነካውም። ያ ቡናማ ጨርቅ የተቀባውም ራሱ ፕላስቲክ ነው፤ ቴፍሎን የሚቀልጠው 327 ዲግሪ ላይ ስለሆነና ምንም ስለማይጣበቅበት በጋለው ሽቦና በላስቲኩ መካከል እንደ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሲቃጠል መቀየር አለበት። ብዙ ሱቅ ውስጥ ጠቁሮ፣ ተበስቶ ያገለግላል።

ጫናና ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚታዩት ግን በፒፒአር ላይ ነው። ድሮ የቤት ውኃ መስመር በብረት ቱቦ ይዘረጋ ነበር፤ ጥርስ ወጥቶለት፣ ቃጫ ተጠምጥሞበት፣ በቁልፍ ተጠብቆ። ዛሬ ቱቦውም፣ ኤልቦውም፣ ቲውም ፖሊፕሮፒሊን ነው። የመበየጃው ብረት ሁለት ጉጦች አሉት፤ አንዱ ወንድ አንዱ ሴት፣ ሁለቱም በቴፍሎን የተቀቡ። ብረቱ 260 ዲግሪ ሲደርስ ቱቦው ወደ ሴቲቱ፣ ኤልቦው ወደ ወንዱ በአንድ ጊዜ ይገፋሉ። ለ20 ሚሊ ሜትር ቱቦ ማጋያው 5 ሰከንድ ነው፤ ለ25ቱ 7፤ ለ32ቱ 8። ከዚያ ነቅሎ ለማገጣጠም ለ20ው ያለው ጊዜ 4 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ቱቦው 14 ሚሊ ሜትር ያህል ይገባል፣ ሳይጠማዘዝ፣ በቀጥታ። ከገባ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ማንም እንዳይነካው። ቱቦው ተጣሞ ከተቆረጠ፣ ወይም አንዲት የውኃ ጠብታ ካለችበት፣ ቆጠራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ይህን የማውቀው በራሴ ቤት ስለደረሰብኝ ነው። ወጥ ቤት አዲስ መስመር ያስዘረጋሁ ጊዜ ውኃው ከጀበና እንደሚቀዳ ቡና ቀጥኖ ይወርድ ጀመር። ግፊት የለም ብዬ ስንት ሳምንት የውኃ መሥሪያ ቤቱን ረገምኩ። በኋላ ሌላ ሠራተኛ ኤልቦውን ቆርጦ ሲያሳየኝ የመጀመሪያው ሰው ከመጠን በላይ አግሎ፣ ከመጠን በላይ ገፍቶ፣ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተጠራቅሞ እንደ ቀለበት ቀዳዳውን ሊዘጋው ደርሷል። ከውጭ ሲታይ እጅግ ያማረ ነበር። ጥሩ ብየዳ ዙሪያውን እኩል የሆነ ስስ ከንፈር ያወጣል፤ የኔው ግን ከንፈሩ ወፍሮ ነበር፣ እኔ ደግሞ ወፍራሙን ጠንካራ መስሎኝ አሞግሼዋለሁ። መንገድ ተቆፍሮ የሚቀበረው ጥቁሩ ትልቅ የውኃ ቱቦም ዘዴው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የሁለት ቱቦዎች አፍ በጋለ ሰሌዳ፣ ከ200 ከፍ ብሎ ከ220 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት፣ ተጠብሶ በሃይድሮሊክ መጋፈጡ ነው።

አሁን እዚያው መርካቶ ወዳለው ሚናለሽ ተራ እንሂድ። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ጀሪካን፣ ሃይላንድ፣ የተሰበረ ወንበር፣ ባልዲ እዚህ ይወርዳል፣ በየዓይነቱም ይለያል። መለየቱ ለጠጋኝም ሕይወት ነው፤ ምክንያቱም ፕላስቲክ ዘመዱን ይመርጣል። የተሰነጠቀ ጀሪካን በጋለ ቢላ ሲጠገን ልጣፊው ከሌላ ጀሪካን መቆረጥ አለበት። ከወንበር ተቆርጦ ቢመጣ የያዘ ይመስልና ውኃ ሲሞላ ይላቀቃል፤ ጀሪካኑ ፖሊኤትሊን፣ ወንበሩ ፖሊፕሮፒሊን ነውና። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ሰም መሰል፣ ግን ሰንሰለቶቻቸው አይዋሃዱም። የውኃ ጠርሙስማ፣ የምንጠጣው የየትም ፋብሪካ ቢሆን ሃይላንድ የምንለው፣ ፔት ከሚባል ሌላ ነገር የተሠራ ነው፤ በእጅ ሲግል ነጥቶ ይሰባበራል። ማዳበሪያ የምንለው ጆንያስ? ፖሊፕሮፒሊን ነው፣ መቅለጡን ይቀልጣል፤ ነገር ግን ጥንካሬው ክሮቹ በመወጠራቸው የመጣ ስለሆነ ሲግል ይኮማተርና ይደክማል። ስለዚህ አፉ ይሰፋል።

ዘመድን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ከታች የተጻፈችውን ሦስት ማዕዘን ማየት ነው፦ 1 ፔት፣ 2 እና 4 ፖሊኤትሊን፣ 3 ፒቪሲ፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን። ምልክቱ ከጠፋ ቁራጩን ውኃ ላይ ጣሉት። ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋሉ፤ ፒቪሲና ፔት ይሰምጣሉ።

ባዕድ ከባዕድ መጋጠም ሲኖርበትስ? እዚህ ላይ መፍትሔው የሚያምር ነው፣ እሱም በቡና ከረጢት ላይ ይገኛል። ተቆልቶ የታሸገ ቡና ስትገዙ ከረጢቱ ላይ እንደ ቁልፍ ያለች ክብ ነገር አይታችሁ ይሆናል፣ ቀዳዳ ያላት። የተቆላ ቡና ለቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ መውጫ ከሌለው ከረጢቱ እንደ ፊኛ ይነፋል። ቁልፏ ጋዙን ታስወጣለች፣ አየር አታስገባም። ከረጢቱ ብዙ ጊዜ ሦስት ንብርብር አለው፦ ከውጭ ጽሑፍ የሚታተምበት ፔት፣ ከመካከል ስስ አሉሚኒየም፣ ከውስጥ ፖሊኤትሊን። ቁልፏም ከፖሊኤትሊን ስለምትሠራ በጋለ ቀለበት ተጭና ከውስጠኛው ዘመዷ ጋር ትበየዳለች። ፔቱ አይነካም፣ አይቀልጥም። ባዕዶቹ እርስ በርሳቸው ሳይዋሃዱ በመካከላቸው አንድ ዘመድ በማስቀመጥ ብቻ ነገሩ ይያዛል። የብስኩትና የቺፕስ ከረጢትም የሚታሸገው በውስጠኛው ስስ ሽፋን ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የላስቲክ ጫማ በጋለ ብረት የሚጠግኑ ሰዎች ሥራ ላይ ሳሉ ጎንበስ ብላችሁ ብትቆሙ ጉሮሯችሁን የሚከረክር ጢስ ይመታችኋል። የላስቲክ ጫማ ብዙውን ጊዜ ፒቪሲ ነው፤ ፒቪሲ ሲያርር ሃይድሮጅን ክሎራይድ ይለቃል፣ ይኸውም ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ የሚሆን ጋዝ ነው። ጠጋኙ ቀኑን ሙሉ በላዩ አጎንብሶ ይውላል። ቀልጦ መጣበቅና አርሮ መጨስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጥሩ ብየዳ አይጨስም። ብረቱ ትንሽ ቢበርድ ሥራው ይሻላል፣ ደረቱም ይተርፋል።

ሕጉም ከላስቲክ ጋር ሲታገል ቆይቷል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታል እንዳይመረት፣ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲስ አዋጅ ደግሞ ባለ አንድ ጊዜ አገልግሎቱን ፌስታል ጨርሶ ከልክሏል። ፌስታሉ ቢቀርም ብየዳው ይቀጥላል፤ ቧንቧው፣ ጀሪካኑና የቡናው ከረጢት አሉና።

በሚቀጥለው ጊዜ ቆሎ ስትገዙ ላስቲኩን ከመቅደዳችሁ በፊት የታሸገበትን መስመር ግራና ቀኝ ይዛችሁ ሳቡት። በመስመሩ ላይ እንደ ሁለት ወረቀት ከተላቀቀ ተለጥፏል እንጂ አልተበየደም። መስመሩ ቆሞ ከጎኑ ያለው ላስቲክ ከተቀደደ፣ ሴትየዋ ቆጥራለች።