ስለ ኤሌክትሪክ ብርሃንና ስለ አቶም ኃይል

ኃይል ያላገኘ ሕዝብ፥ ምንም ትጉህ ቢሆን፥ ከክንዱ ጉልበት በላይ ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ መንግሥት የአቶም ኃይል ማመንጫም ለማቆም ማሰቡን መግለጡ፥ በተከታዩም በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሮሳቶም ከሚባለው ከሩሲያ የአቶም ድርጅት ጋራ በሞስኮ የሥራ ዕቅድ መፈራረሙ የብዙውን ሰው አሳብ ቀስቅሷል። አንዳንዱ ዓባይን የመሰለ ወንዝ ለተሰጠው አገር አቶም ምን ይሠራለታል ይላል። ሌላውም ሥልጡኖቹ አገሮች የያዙትን ጥበብ እኛስ ስለ ምን እንተወዋለን ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት አገር ወደው እንደ ሆነ አይጠረጠርም፤ ነገር ግን ጉዳዩ በፍቅር ብቻ ሳይሆን በሒሳብም ሊታይ ይገባዋል።

በሌላው ዓለም ይህ ክርክር የተነሣው ስለ ድንጋይ ከሰል ነው። የዓለም መንግሥታት ስለ አየር ጠባይ ለውጥ ያቋቋሙት የሊቃውንት ጉባኤ በ2014 በፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው ስሌት፥ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰል ሲገኝ 820 ግራም ያህል የካርቦን ጢስ ወደ ሰማይ ይወጣል። ማመንጫውን ለመሥራትና ለማፍረስ የሚወጣው ጢስ ሁሉ ተቈጥሮ ከአቶም ሲገኝ ግን 12፥ ከነፋስ 11 ወይም 12፥ ከውሃ 24፥ ከፀሐይ 48 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ ጢስን በመቀነስ ረገድ አቶምና ነፋስ እኩያ ናቸው ማለት ነው። ፈረንሳይ በ1973 ከደረሰው የነዳጅ ችግር በኋላ አቶምን መርጣ ከኤሌክትሪኳ ከግማሽ እጅግ የሚበልጠውን ከዚያ ታገኛለች፤ ጎረቤቷ ጀርመን ደግሞ በሚያዝያ 2023 የመጨረሻዎቹን ሦስት የአቶም ማመንጫዎች ዘጋች። ሁለት ብልሆች በአንድ አጥር ተዋስነው እንዲህ ከተለያዩ፥ የአንዳቸውን ፍርድ እንዳለ ገልብጦ መውሰድ ለእኛ አይበጅም።

የእኛ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚገኝ ስለ ሆነ በሽቦ የሚሄደው ኃይል ጢስ የለበትም። የእኛ ጢስ ያለው ሽቦው ባልደረሰበት ቤት ውስጥ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ሳይደርስ ጅጋን ያገኛል። አገሩ በቆሎና በርበሬ የሚበቅልበት ለም መሬት ነው፤ በአካባቢው የሚወርዱት ተምጫና ብርም መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ይህ ውሃ ጉባ ወርዶ በግድቡ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ነገር ግን ከዋናው መንገድ ራቅ ብሎ በሚገኘው ገጠር ብዙው ባላገር ማታ የሚያበራው ኩራዝ ወይም ከፀሐይ የምትሞላ ትንሽ መብራት ነው፤ እንጀራውም የሚጋገረው በማገዶና በኩበት ነው። ማገዶው ዛፉን ይጨርሳል። ኩበቱም እርሻውን ማዳበር ሲገባው በምድጃ ውስጥ አመድ ሆኖ ይቀራል። የጋጋሪዋን ዐይንና ሳንባ የሚጎዳው ጢስ ደግሞ በማናቸውም የመንግሥት መዝገብ ላይ በወጪነት ተጽፎ አይገኝም።

የፀሐይ መብራት ለንባብና ለስልክ ይበቃል፥ ምስጋናም ይገባዋል። ዳሩ ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይፈልጋል፤ በጣሪያ ላይ ያለችው ትንሽ መስታወት ይህን ልትሸከም አትችልም። ስለዚህ ለጅጋ ባላገር ማገዶን የሚያስቀርለት ምሰሶና ሽቦ ትራንስፎርመርም ነው። ቡሬም በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የዘይት ፋብሪካና የእርሻ ምርት ማቀናበሪያው መንደር ያሉበት ስለ ሆነ የሚሻው ኃይል ቀንም ሌትም የማይቋረጥ ነው።

አቶምን የሚደግፉት ሰዎች ከሁሉ የሚበረታው ክርክራቸው በዚህ ላይ ነው፤ እርሱንም አቃልሎ ማለፍ ቅንነት አይሆንም። ዝናም በጎደለ ጊዜ ወንዝ ይጎድላል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ ውሃ ስላነሰው አገሪቱ 476 ሜጋዋት ጎድሎባት መብራት በተራ ታደለ። ዮሴፍ በግብጽ ለሰባቱ የረኃብ ዓመታት እህል እንዳከማቸ፥ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው የሕዳሴ ግድብም የጥጋቡን ዓመት ውሃ ለክፉ ቀን ያቆያል። ይሁን እንጂ ጎተራ የሚሞላው እህል ሲኖር ነው። ደግሞም የተባበሩት የዓረብ ኤሚሬቶች በባራካ ያቆሙት የአቶም ማመንጫ ኃይሉ 5,600 ሜጋዋት ሲሆን በዓመት 40,000 ጊጋዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ የእኛው ግድብ 5,150 ሜጋዋት ሆኖ ሳለ የታሰበለት የዓመት ምርት 15,700 ገደማ ነው። ይህም የግድቡ ጉድለት አይደለም፤ ወንዙ ክረምት ሞልቶ በጋ ስለሚያንስ ነው።

ነገር ግን የአቶም ዋጋ ከባድ ነው። በፊንላንድ ኦልኪሉዎቶ በተባለው ቦታ በ2005 የተጀመረው ሦስተኛው ማመንጫ መደበኛ ሥራውን የጀመረው በ2023 ነው። በአፍሪካ ኤሌክትሪክ ሲሰጥ የቆየው የአቶም ማመንጫ የደቡብ አፍሪካው ኩበርግ ብቻ ሲሆን፥ ግብጽ በኤል ዳባ በ2022 ያስጀመረችው ሥራ አብዛኛው ወጪው ከሩሲያ በብድር የሚገኝ ነው። ሌላም አለ። አንድ ማመንጫ ብቻውን ከአገሩ ጠቅላላ ኃይል ከአሥር አንድ እጅ እንዳይበልጥ ባለሞያዎች ይመክራሉ፤ እርሱ በድንገት ሲቆም አገር ሁሉ እንዳይጨልም ነው። በግብጽ የሚሠሩትን የመሰለ ባለ 1,200 ሜጋዋት ማመንጫ ለእኛ መረብ ያንን ልክ ይነካል፥ ያልፈውም ይሆናል። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ድርጅት አባል የሆነችው ድርጅቱ በተቋቋመበት በ1957 ስለ ሆነ ለነገሩ እንግዳ አይደለችም። ዳሩ ግን አባልነት ሌላ ነው፤ ያገለገለውን ነዳጅ እጅግ ለረዘመ ዘመን ጠብቆ የሚያኖር ሕግና ሰው ማሰናዳት ደግሞ ሌላ ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ተማሪዎችን ወደ አቶም ትምህርት መላክና ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ማጠንከር ዛሬውኑ ይጀመር፤ ዋናው ገንዘብ ግን አስቀድሞ ወደ ነፋስና ወደ ሽቦ ይሂድ። በአዳማ 51 እና 153፥ በአሸጎዳ 120 ሜጋዋት እንዲሰጡ የተሠሩት የነፋስ ማመንጫዎች ያስተማሩን ነገር አለ። ነፋሱ የሚበረታው ወንዙ በሚያንስበት በበጋ ስለ ሆነ ሁለቱ እንደ ጥንድ በሬ ይረዳዳሉ።

ለምዕራብ ጎጃም ሹማምንትና ካህናትም ከዚህ የሚደርሳቸው ሥራ አለ። ከጮቄና ከየተራራው በክረምት የሚታጠበው አፈር በወንዞቹ ወርዶ ግድቡን በደለል ይሞላል፤ እርከን የተሠራበትና ዛፍ የተተከለበት ተዳፋት ግን አፈሩን ይይዛል። በየደብሩ ዙሪያ ተጠብቆ የኖረው ደን ለዚህ ምስክር ስለ ሆነ፥ ምእመናኑ በበጋ ለእርከን ሥራ ሲወጡ ከካህናቱ የሚሰሙት ምክር ከመሐንዲሱ ትእዛዝ ይልቅ ይሰምራል። ሹማምንቱም ስለ ብርሃን በሚያቀርቡት ሪፖርት የተዘረጋውን ሽቦ ርዝመት ብቻ ሳይሆን፥ ስንት ቤት ምጣዱን በኤሌክትሪክ እንደ ጣደና የተቃጠለ ትራንስፎርመር በስንት ቀን እንደሚለወጥ ቢጽፉበት፥ ከላይ ያለው መሥሪያ ቤት ገንዘቡን ወዴት እንደሚያውል ከዚያ ያውቃል።