ጅራፍ በጉልበት አይጮኽም

ቡሄ ሲወሳ ሙልሙሉም ችቦውም ሆያ ሆዬውም የየድርሻቸውን ምስጋና ያገኛሉ። ጅራፉ ግን «ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ» በምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። እኔ በዚህ ቅር ይለኛል። ሐምሌ ተገባዶ ነሐሴ ሲጠባ ከፋርጣ መስኮች የሚነሣውን ድምፅ ደብረ ታቦር ከተማ ዳር ቆሞ የሰማ ሰው ቅሬታዬ ይገባዋል። ከተማዋ የበዓሉ ስመ ሞክሼ ናት፤ ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ደብረ ታቦር ነው። ሊቃውንቱም የጅራፉን ጩኸት ጌታ ብርሃነ መለኮቱን በገለጠበት ተራራ ላይ ከተሰማው የአብ ድምፅ ጋር ያያይዙታል።

ስለ አሠራሩ ብዙ አልልም፤ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። አጭር እጀታ፣ ከጠፍር ወይም ከቃጫ የተጎነጎነና ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ ገመድ፣ ጫፉ ላይ የምትታሰር ቀጭን ክር፣ በቃ። የከተማ ልጆች ከማዳበሪያ ከረጢት ሲጎነጉኑም አይቻለሁ፤ ድምፁ ያው ነው። ዓይን እንደሚያጠፋ እናቶች ሁሉ ስለሚናገሩ እኔ አልደግመውም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ጅራፍ የሚጮኸው መሬት ሲመታ ወይም ከራሱ ጋር ሲጋጭ ይመስለዋል። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚለው ተረትም አሳስቶናል። ጅራፍ ምንም ሳይገርፍ፣ ባዶ አየር ላይ ነው የሚጮኸው። እጅ እጀታውን ወደ ፊት ልኮ ቀጥ ሲያደርገው ገመዱ ላይ አንድ እጥፋት ይፈጠርና ወደ ጫፉ ይሮጣል። ሰፊ ወንዝ ጠባብ ገደል ውስጥ ሲገባ እንደሚፈጥን፣ እጥፋቱም ገመዱ በቀጠነ ቁጥር ይፈጥናል፤ ያው ኃይል የሚሸከመው ክብደት እያነሰ ይሄዳልና። መጨረሻ ላይ ጫፉ ከድምፅ ይቀድማል፤ የድምፅ ፍጥነት በደጋው ብርድ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው። የምንሰማው ተዋጊ አውሮፕላን ድምፅን ሲቀድም የሚፈጠረውን ዓይነት የአየር ግፊት ሞገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የጅራፍን እንቅስቃሴ በፈጣን ካሜራ አጥንተው ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲዎቹ አላን ጎሪሊና ታይለር ማክሚለን ጩኸቱን የሚወልደው ራሱ የሚሮጠው እጥፋት መሆኑን በሒሳብ አሳይተዋል።

እንግዲህ ድምፁን የሚሠራው የገመዱ መቅጠንና የእጥፋቱ ሩጫ ከሆነ፣ የክንድ ጉልበት ድርሻው ትንሽ ነው። ልጆቹ የማያውቁት ይህንን ነው፤ እስከ መጨረሻው የማነበንበውም ይህንኑ ነው።

ከደብረ ታቦር ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ አዛውንት፣ አምስት ስድስት እረኞች በእልህ ሲወራጩ ቆመው ያዩ ነበር። ልጆቹ ክንዳቸውን ከጀርባቸው እየመነጨቁ፣ ፊታቸውን አጨማደው ያጮኻሉ፤ አንዳንዴ ይጮኽላቸዋል፣ አንዳንዴ ገመዱ እግራቸው ላይ ይጠቀለላል። ሽማግሌው ጅራፉን ተቀብለው ከራሳቸው በላይ ቀስ አድርገው አዞሩት፤ ከዚያ የእጃቸውን አንጓ ብቻ ወደ ፊት ሰበር አደረጉ። ከልጆቹ ሁሉ የበለጠ ጮኸ። «እናንተ ክንዳችሁን ነው የምትገርፉት» አሏቸው ጅራፉን እየመለሱ። ሐኪም ቢሆኑ ከዚህ የተሻለ አይሉም ነበር።

ክንድ ወደ ኋላ ተስቦ በድንገት ወደ ፊት ሲመነጨቅ ትከሻ ይቀድማል፤ ከክርን በታች ያለው ክፍል ወደ ኋላ ይቀራል። በዚያች ቅጽበት የክርን የውስጥ ጎን ይለጠጣል፣ የውጩ ጎን ይጨፈለቃል። ይህን ጠንቅቀው ያጠኑት ቤዝቦል የሚጫወቱ አገሮች ናቸው። የቤዝቦል ኳስ 150 ግራም አይሞላም፤ እሱን በኃይል ደጋግሞ መወርወር ብቻ የስንቱን ክርን አበላሽቷል። የእኛ ልጅ የሚይዘው በክረምት ዝናብ የራሰ ጅራፍ ከዚያ ይከብዳል። በአዋቂ ወርዋሪ ላይ የሚበጠሰው የውስጠኛው ጎን ጅማት ነው። ታዋቂው ወርዋሪ ቶሚ ጆን እ.ኤ.አ. በ1974 የተበጠሰበትን ጅማት ሐኪሙ ፍራንክ ጆብ ከሌላኛው ክንዱ በተወሰደ ጅማት ተክቶለት ወደ ሜዳ ተመልሷል፤ ቀዶ ሕክምናውም እስከ ዛሬ በወርዋሪው ስም ይጠራል።

በልጅ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ጅማቱ የተያያዘባት የውስጠኛው ጎን ጉብታ ከዋናው የክንድ አጥንት ጋር ገና አልተዋሐደችም፤ በመካከላቸው የማደጊያው ለስላሳ አጥንት አለ። ከክርን ክፍሎች ሁሉ በመጨረሻ የምትገጥመው እሷ ናት፤ በወንዶች ልጆች 15፣ 16፣ አንዳንዴም 17 ዓመት እስኪሞላ ትቆያለች። ከጅማቱ ይልቅ ደካማው ይህ ለስላሳ አጥንት ስለሆነ፣ መመንጨቁ ሲደጋገም ጉብታዋ ከቦታዋ ትላቀቃለች። በውጩ ጎን ደግሞ የተጨፈለቀው የመገጣጠሚያ ገጽ ተሰንጥሮ፣ ስባሪው መገጣጠሚያው ውስጥ ሊንሳፈፍና ክርኑን ሊቆልፈው ይችላል።

ስለዚህ የአሜሪካ የልጆች ቤዝቦል ሊግ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ውርወራ ይቆጥራል። የ9 ወይም የ10 ዓመት ልጅ በቀን ከ75 ጊዜ በላይ አይወረውርም፤ 66 ከደረሰ አራት ቀን ያርፋል። የቡሄ ልጅ ከብቶቹ ግጦሹ ላይ ሳይደርሱ 75ቱን ይጨርሳል! እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ ክንዳቸው እየደከመ አዘውትረው የወረወሩ ወጣቶች ለቀዶ ሕክምና የመዳረጋቸው ዕድል ከሌሎቹ 36 እጥፍ ነበር። ከብዛቱ ይልቅ ድካሙን ፍሩ ለማለት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም። በጎረቤት መንደር ልጆች ላለመበለጥ ሲባል በዛለ ክንድ እስከ ማታ የሚቀጥለው ፉክክር ነው አደገኛው።

አባቶችንም ልውቀስ። «ወንድ ልጅ ክንዱን አያመውም» ማለት ይቅር። ልጁ ካመመው በኋላ ቅቤ ቀብቶ በኃይል ማሸትም ይቅር፤ የተጎዳ ክርን በኃይል ሲታሽ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊያበቅልና መገጣጠሚያው ሊደርቅ ይችላል። ለወጌሻ ያለኝ አክብሮት ብዙ ነው። ሆኖም በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ መጠፈር የደም ዝውውር አቋርጦ ስንቱን ልጅ እጁን እንዳሳጣ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል።

ጅራፉን ግን አትቀሙት። ለልጁ ቁመት የሚመጥን፣ ቀላልና በደንብ የቀጠነ ጅራፍ ጎንጉኑለት፤ በአንጓው እንዲልከው አሳዩት፤ ሲደክመው ለወንድሙ ያቀብል። ክርኑን ከውስጥ በኩል ካመመው ጅራፉን ያስቀምጥ። እጁን መዘርጋት ካቃተው ወይም ክርኑ ካበጠ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ራጅ ሲነሣም ሁለቱም ክርኖቹ እንዲነሡለት ጠይቁ፤ በማደግ ላይ ያለ አጥንት የተላቀቀውና ያልተላቀቀው የሚለየው ከጤነኛው ጋር ሲነጻጸር ነውና።