አስታማሚው ብዕሩን ያስቀምጥ?

ቤት ውስጥ ሕመም ሲገባ ቀድሞ የሚታጠፈው ደብተር ነው። መንዙማ ይገጥም የነበረው ወጣት፣ አጭር ልብወለድ ትሞክር የነበረችው ልጅ፣ እናታቸው ለኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን መመላለስ ስትጀምር «አሁን የዚህ ጊዜ ነው?» ብለው ይተዉታል። ቤተሰቡም እንደዚያው ይላል። በረመዷን ደግሞ ይብሳል። ኢፍጣር ማሰናዳት፣ በሽተኛ ማብላት፣ ተራዊሕ፣ ሱሑር፤ ሌሊቱ በዚሁ ያልቃል። ይህን ጉዳይ ይዘው ወደ መስጂድ ለሚመጡ ልጆች ብዙ ጊዜ የማወራላቸው ስለ አንድ ዓሊም ነው።

ኢማም ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒን (ረሒመሁላህ) ደረሶቻችን የሚያውቋቸው በሐዲስ ኪታቦቻቸው ነው። ገጣሚ መሆናቸው፣ የግጥም መድበል መተዋቸው ብዙም አይነሳም። በ773 ዓመተ ሒጅራ ግብፅ ውስጥ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ የቲም ሆኑ። በ12 ዓመታቸው መካ ሐረም ውስጥ ተራዊሕ አሰገዱ። የሰሒሕ አል-ቡኻሪን ታላቅ ማብራሪያ «ፈትሕ አል-ባሪ»ን በ817 ጀምረው በ842 ፈጸሙ። መሃል ላይ ያለው 25 ዓመት በቤታቸው እንዴት እንዳለፈ፣ ኪታቡን ከፍቶ የሚቀራ ሰው ፈጽሞ አይጠረጥርም።

በ819 ካይሮ ጣዑን ገባ። ወረርሽኙ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ፋጢማንና ዓሊያን፣ ወሰደባቸው። በ828 ፈርሓ ከሐጅ ታማ ተመልሳ ሞተች። በ832 ራቢዓ ተከተለች። በ833 ጣዑኑ እንደገና መጣ፤ የበኩር ልጃቸው ዘይን ኻቱን ነፍሰ ጡር እንዳለች ሞተች። እነዚህን አምስት ሴቶች ልጆቻቸውን ቀበሩ።

ስለ ጣዑን «በዝል አል-ማዑን» የተባለ ኪታብ አላቸው። በ819 ሐሳቡን ማሰባሰብ ጀምረው ትተውት ነበር። ያጠናቀቁት በ833፣ ዘይን ኻቱን በሞተችበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት የካይሮ ሕዝብ ሦስት ቀን ጾሞ ለጋራ ዱዓ ወደ በረሃው ወጥቶ ነበር። ከመውጣቱ በፊት በቀን የሚሞተው ከ40 በታች እንደነበር፣ ወሩ ሳያልቅ ግን ከ1000 ማለፉን ኢማሙ ጽፈዋል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ልጁን አፈር ያለበሰ አባት፣ ሕዝቡ መስማት የማይወደውን ነገር ቁጥር ይዞ ይጽፋል። ሐዘን ዓይናቸውን አልጋረደውም።

«ፈትሕ አል-ባሪ»ስ እንዴት ሳይቋረጥ ቀረ? ደረሳቸው አል-ሰኻዊ አሠራሩን ነግሮናል። መጀመሪያ ያስጽፉ ነበር፤ በኋላ ራሳቸው ጥቂት ጥቂት መጻፍ ጀመሩ። የተጻፈውን ዓሊሞች ይገለብጡታል፤ በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስበው እየቀሩ ያመሳክሩታል። ስለ ትዕግሥታቸው ብዙ ይባላል፤ እውነት ነው። እኔ ግን ይህችን የሳምንት ቀን ከትዕግሥቱ አሳንሼ አላያትም። ቀኑ ሲደርስ የጻፉትን የሚጠብቅ ሰው ነበራቸው።

ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። ወላጅን መኻደም ግዴታ ነው፤ ግጥም መግጠም ግዴታ አይደለም። እናት ከተጣራች ስንኙ መሃል ላይ ይቆማል፤ በዚህ አንከራከርም። እናት ስትተኛ ያለው ሰዓት ግን ሌላ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲተካ ፈቅዶለታል፤ ያመለጠውን ቀን ግን ሰውየው ቆጥሮ ይይዛል። ጸሐፊም ያቋረጠባቸውን ቀናት እንዲህ ቢቆጥር እወዳለሁ።

ለወንድሞች የምለው አለኝ። የሆስፒታል አዳር በብዙ ቤት የምትወድቀው በአንዲት ሴት ልጅ ላይ ነው። ያቺ ልጅ የምትጽፍ ከሆነች በሳምንት አንድ ሌሊት ተረከቧት፤ ከሰርግና ከለቅሶ ውጪ ተራ መቀበል የማያውቅ ወንድም ጥቂት አይደለም። በማግስቱ ደግሞ የጻፈችውን አንብቢልን በሏት። ካይሮ ውስጥ ዓሊሞች ለሼኻቸው ያደረጉትን፣ ሱሑር በልቶ ሱብሒ የሚጠብቅ ቤተሰብ በአሥር ደቂቃ ያደርገዋል። መንዙማ ገጣሚው እጥበቱ እስኪያልቅ ኮሪደር ላይ ሲጠብቅ ስንኙን በስልኩ ድምፅ ይቅረጽ። መንዙማ ድሮም ወረቀት ሳይጠብቅ በቃል ሲተላለፍ የኖረ ነው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። አስታማሚ ሲጽፍ ብዕሩ ወደ ሕመሙ መሄዱ አይቀርም። ይሂድ። ነገር ግን የበሽተኛው ገላ፣ በሥቃይ መሃል ያመለጠው ቃል፣ ሌሊት ያለቀሰው ለቅሶ ገመናው ነው። ለሰው ከመነበቡ በፊት ፈቃዱ ይጠየቅ፤ «እማዬ፣ ይህን ልጻፈው?» ማለት ከባድ አይደለም። እሺ ካላለች ደብተሩ ውስጥ ይቆይ። የኢማሙም ረቂቅ 14 ዓመት ተቀምጧል።