አንበስና የፋሲካው በግ

ጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። «ዶክተር፣ በጉን ግቢ አስገብተነዋል። አንበስ ግን አስተያየቱ አላማረኝም፤ ይበላብን ይሆን እንዴ?» አሉኝ የቤቱ እመቤት።

አንበስ የሦስት ዓመት ወንድ ውሻ ነው። እናቱ ጀርመን ሼፐርድ፣ አባቱ ካውኬዥያን። አዲስ አበባ ውስጥ ለግቢ ጥበቃ እየተባለ የሚሸጥ ክልስ ነው፤ ገዢው የሚያየው ግዙፍነቱን ነው። ሁለቱም ዘሮች ከበግ ጋር የኖሩ መሆናቸውን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ሥራቸውም አይገናኝም። የፈረሰኛ ጦር መኮንን የነበረው ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ እ.ኤ.አ. በ1899 የጀርመን ሼፐርድን ማኅበር ሲያቋቁም የመረጣቸው ውሾች የእረኛ ረዳቶች ነበሩ። አጥር በሌለው ማሳ፣ በግጦሹና በእህሉ ድንበር ላይ ቀኑን ሙሉ እየተመላለሱ በጎቹን ከአዝመራው ይመልሳሉ። ካውኬዥያን ደግሞ በጆርጂያ፣ በአርሜኒያና በአዘርባጃን ተራሮች በጎችን ከተኩላና ከድብ የሚጠብቅ ነው። አይነዳቸውም፤ መሃላቸው ገብቶ ይተኛል። ወንዱ ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል።

ስደርስ በጉ ከሎሚው ዛፍ ሥር ካስማ ላይ ታስሯል። አንበስን ዘበኛው በገመድ ይዞታል። አንገቱን ከትከሻው ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን ቀስሮ፣ በጉ ላይ አፍጥጧል። በጉ ሲራወጥ እሱም አብሮ ግማሽ ክብ ይዞራል። ይቺ እናቱ ናት። ገመዱን አጥብቀን ይዘን ዝም አልን። በጉ ሲረጋ የአንበስም ፊት ተለወጠ። ዓይኑን ሰበረ፤ ጠጋ ብሎ የበጉን አፍንጫ አሸተተ፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶት፣ ፊቱን ወደ ግቢው በር አዙሮ ተጋደመ። ይሄ ደግሞ አባቱ ነው።

እመቤቲቱ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እኔ ግን ሌሊት ሁለቱን ብቻቸውን እንዳይተዉ አጥብቄ ነገርኳቸው። የመንጋ ጠባቂ ከቡችላነቱ ጀምሮ ከግልገል ጋር ያድጋል፤ አንበስ በግ የሚያየው በዓል ሲመጣ ነው። በጉ በርግጎ ቢሮጥ እናቱ ትመለሳለች። ሁለት ደም እንደ ቡናና ወተት አይዋሐድም፤ ተራ በተራ ይናገራል። ከአንድ ማኅፀን የወጡ ቡችሎች እንኳ ድርሻቸው ይለያያል።

አንበስን መጀመሪያ ያየሁት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። «ልጅ ነከሰ» ተብሎ ቀን ከሌት ታስሮ ነበር። የአንገቱ ፀጉር ተመልጧል፤ ቁስሉን ዝንብ ወሮታል። ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ መሬቱ በግማሽ ክብ ተልጦ አንዲት ሣር የለበትም። ተነከሰች የተባለችው ትንሿ ልጅ ተረከዟን አሳየችኝ፤ ቆዳዋ አልተበሳም። ወደ በሩ ስትሮጥ ከኋላ ቆንጠጥ አድርጎ ወደ ወንድሞቿ መልሷታል። እየነዳት ነበር።

ቀን አስሮ ማታ መፍታት ያደግንበት ልማድ ነው፤ እኔ ግን በሄድኩበት ሁሉ እሟገተዋለሁ። ታስሮ የሚውል ውሻ ከሰው ጋር መኖርን አይማርም፤ ጥርጣሬው እየከረረ ይሄዳል። አንበስን ዘበኛው ጠዋትና ማታ በገመድ ያንሸራሽረው ጀመር፤ ቁጭ ማለትና መጠበቅ ተማረ፤ እንግዳ ሲመጣ የሚገባበት አጥር ተሠራለት። ልጆቹም አዋቂ በሌለበት አብረውት እንዳይሯሯጡ ተነገራቸው። ዛሬ ያ ግማሽ ክብ ሣር አብቅሏል። በግቢው ግንብ ሥር ዙሪያውን ግን አንድ ጫማ የምትሰፋ የተረገጠች መስመር አለች፤ ራሱ በምልልስ ያወጣት ናት። ባየኋት ቁጥር የጀርመኑ ማሳ ድንበር ትዝ ይለኛል።

ምግቡ እስካሁን ያከራክረናል። ለውሻ የሚተርፈው የወጥ ፍርፋሪ ነው፤ ወጣችን ደግሞ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስሉም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። ሩዝና ሥጋ ያለ ቁሌት ለብቻ ይቀቀልለት እላለሁ። ድርብ ፀጉሩን ማበጠር እንጂ መላጨት አያስፈልግም፤ ከብርድም ከፀሐይም ይከልለዋል። የእብድ ውሻ ክትባቱ አያልፈውም።

በዓል በመጣ ቁጥር የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። በጉ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ «ለውሻው ጣሉለት» ይባላል። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የትል ዘር በውሻው አንጀት ያድግና ከሰባት ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ፀጉሩን የሚዳብሱ ልጆች በእጃቸው ወደ አፋቸው ይወስዱታል፤ ከዚያም በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ለዓመታት ቀስ ብሎ ያብጣል። ውሻው ግን ምንም አይታይበትም። «እትዬ፣ ጥሬ ሳንባ እንዳይጥሉለት፤ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈር» ብዬ፣ ቃል አስገብቼ ወጣሁ።

ማዕዶት ሰኞ የፕራዚኳንቴል እንክብሉን ይዤ ተመለስኩ። ዘበኛው ወደ ጓሮው ወስዶ ሳንባው የተቀበረበትን አሳየኝ፤ አፈሩን ደልድሎ ትልቅ ድንጋይ ጭኖበታል። አንበስ ስጠራው አልመጣም። ካስማው ገና አልተነቀለም፤ አጠገቡ ተጋድሞ፣ ፊቱን ወደ ግቢው በር አዙሯል። እንክብሉን በተቀቀለ ሥጋ ጠቅልዬ እዚያው ሄጄ ሰጠሁት።